የምድርን ታሪክ በሠረገላ ለማስተማር ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የምድርን አፈጣጠርና ውስጣዊ አሠራር ሰው ተሳፍሮ የሚማርበት የመዝናኛ ፓርክ ጉዞ ለመንደፍ ለምታስቡ ሁሉ ይህን ደብዳቤ እጽፋለሁ። በዚህ ሙያ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ሥራው ምን ያህል ክቡር እንደሆነና በምን ያህል ቀላል ምክንያት ሊበላሽ እንደሚችል አውቃለሁ። አንድ ልጅ በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበውን በፈተናው ማግሥት ሊረሳው ይችላል፤ በሰውነቱ የተሰማውን ግን ይዞት ያድጋል። ስለዚህም በሠረገላ ላይ የተማረውን ስሕተት ማረም በመጽሐፍ ያነበበውን ከማረም ይከብዳል።

ሐዲዱን ከመንደፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ተሳፋሪው የሚጓዘው ወደ ጥልቀት ነው ወይስ ወደ ጥንት? ብዙ መልካም ሐሳብ የሚበላሸው ሁለቱን በማደባለቅ ነው። ዴንማርካዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 እንዳስረዳው፣ በደለል የተሠሩ የዓለት ንብርብሮች ካልተገለበጡ በቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። በአሜሪካው የግራንድ ካንየን ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ዕድሜው 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከሸለቆው ሥር ያለው ጥቁር ዓለት ግን ወደ 1.7 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። እዚያ ቁልቁል መውረድ በእርግጥ ወደ ኋላ ዘመን መሄድ ነው። ይህ ሕግ ግን የሚሠራው በንብርብሮቹ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው የምድር ውስጥ ያለፈ ዘመን አይደለም፤ የውጭው እምብርት፣ ማለትም በምድር መሐል ያለውን ጠጣር የውስጥ እምብርት የከበበው ክፍል፣ ፈሳሽ ብረት በዚህች ቅጽበት እየተንቀሳቀሰ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ሠረገላው ዳይኖሰሮችን አሳይቶ በዚያው ቁልቁለት ወደ እምብርት ቢወርድ፣ ልጁ የምድር መሐል የጥንት ዘመን ነው ብሎ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

የመረጣችሁት ጊዜን ከሆነ ልኬታችሁን አክብሩ። 454 ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ሜትር 10 ሚሊዮን ዓመት ብታደርጉት፣ የምድር ዕድሜ፣ ማለትም 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ በልኩ ይገባበታል። ረቂቃን ሕዋሳት የገነቧቸው ስትሮማቶላይት የሚባሉት ድንጋያማ ጉብታዎች ከመጨረሻው 350 ሜትር ሲቀር ይታያሉ፤ ኦክስጅን በከባቢ አየር ውስጥ መከማቸት የሚጀምረው 240 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው፤ የእንስሳት ዓይነት በብዛት የሚታየው ወደ 54 ሜትር ሲቀር ነው። ከአእዋፍ በቀር ዳይኖሰሮች ሁሉ 6.6 ሜትር ሲቀር ይጠፋሉ። የእኛ ዝርያ ዘመን በሙሉ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። ገንዘብ የሚያወጡት ሰዎች ዳይኖሰሮቹ ወደፊት እንዲመጡና ሰፊ ቦታ እንዲያገኙ ይጠይቋችኋል፤ እሺ አትበሉ። ይልቁንም ረጅሙን የመጀመሪያ ክፍል በራሱ ድንቅ ነገር ሙሉት። በጥንቱ ባሕር ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ብረት ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ባሕሩ ወለል ሲወርድ፣ ንብርብር ላይ ንብርብር ሲሠራና ቀይ ሲሆን አሳዩ። ዓለም ዛሬ ከሚያወጣው የብረት ማዕድን አብዛኛው ከእንዲህ ዓይነቱ ዓለት የሚገኝ በመሆኑ፣ ተሳፋሪው የሚሄድበት ሐዲድ ራሱ ከዚያ ባሕር የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጥልቀትን ከመረጣችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚከብዳችሁ ማንትልን፣ ማለትም በምድር ቅርፊትና በእምብርቱ መካከል ያለውን ወፍራም የዓለት ክፍል፣ በትክክል ማሳየት ነው። አብዛኛው ሰው ከቅርፊቱ በታች የቀለጠ ዓለት ባሕር ያለ ይመስለዋል፤ ቀይ ብርሃንና የሚፍለቀለቅ ፈሳሽ ማሳየት ለነዳፊውም ይቀለዋል። ማንትል ግን በአብዛኛው ጠጣር ነው። የበረዶ ግግር ጠጣር ሆኖ ሳለ ከተራራ ቁልቁል እንደሚፈስ፣ ማንትልም ጠጣርነቱን ሳይለቅ በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እርምጃ ይፈሳል። የላይኛው ማንትል ዋና ማዕድን ኦሊቪን ሲሆን ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ወረፋው የሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ባዛልት የሚባለውን እውነተኛ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አስቀምጡ፤ እሳተ ገሞራ ከማንትል ቆርሶ ያወጣቸው አረንጓዴ የድንጋይ ቁርጥራጮች ያሉበትን መርጣችሁ፣ ልጆች በጣታቸው እንዲዳስሱት ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ወረፋ ላይ የሚቆም ሰው ጊዜ አለው፤ ያንን ጊዜ በማስታወቂያ አትሙሉት።

ስለ ጥልቀት የምናውቀው እንዴት እንደሆነም ተናገሩ። ሰው ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ በጥልቀቱ የታወቀው፣ ሩሲያ ውስጥ በኮላ ልሳነ ምድር የተቆፈረው፣ 12,262 ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ምድር መሐል ግን 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። የቀረውን የነገረን የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው፤ ዴንማርካዊቷ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ኢንገ ሌማን እ.ኤ.አ. በ1936 የውስጥ እምብርት መኖሩን ያሳየችው በዚሁ ሞገድ ነበር። ወንበሩ ይህን ማስተማር ይችላል። ፒ ሞገድ ዓለቱን በሚጓዝበት አቅጣጫ እየገፋና እየሳበ በቅርፊቱ ውስጥ በሰከንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ኤስ ሞገድ ወደ ጎን እያወዛወዘ በሰከንድ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይከተላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወንበሩ ከሥር ወደ ላይ አንድ አጭር ግፊት ይስጥ። ከዚያ ዝም ይበል። መነሻው 100 ኪሎ ሜትር የሚርቅ መንቀጥቀጥ ከሆነ ዝምታው 12 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በመዝናኛ ጉዞ ላይ 12 ሰከንድ ምንም ሳይደረግ ማለፉ ነዳፊን ያስጨንቃል፤ እናንተ ግን አታሳጥሩት፤ ተራኪው ሰከንዱን ይቁጠር፤ ቁጥሩ በስምንት ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት እንደሚሰጥም ይንገራቸው። ከዚያ የጎን ውዝዋዜው ይምጣ። ኤስ ሞገድ በፈሳሽ ውስጥ ስለማያልፍ፣ ሠረገላው ወደ ውጭው እምብርት ሲገባ የጎን ውዝዋዜው በአንድ ጊዜ ይቁምና ግፊቱ ብቻ ይቀጥል። ተሳፋሪው እምብርቱ ፈሳሽ መሆኑ የታወቀበትን ማስረጃ በገዛ አካሉ ያገኛል።

በመሬት መንቀጥቀጥ ቤተሰቡን ያጣ ሰውም ሊሳፈር እንደሚችል አትርሱ። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓኗ ኮቤ ከተማ የደረሰውን መንቀጥቀጥ በአንድ ሱቅ አምሳል የሚያሳይ ክፍል አለ፤ እንዲህ ያለውን ስትሠሩ ምን እንደሚመጣ በግልጽ አስታውቁ፤ መሳፈር የማይፈልግ ሰው ሳያፍር የሚያልፍበት መንገድም ይኑር።

ሁሉንም ከመገንባታችሁ በፊት አንዱን ክፍል ብቻ በእንጨትና በጨርቅ ሠርታችሁ ልጆችን አስገቡ። ሲወጡ ወደዳችሁት ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጥታችሁ የምድርን ውስጥ እንዲሥሉ አድርጉ። ማንትሉን የቀይ ፈሳሽ ባሕር አድርገው ከሣሉት፣ ንግግሩን ከማርዘማችሁ በፊት መብራቱን ለውጡና ሌሎች ልጆችን አስገቡ።