እጅ ሲንቀጠቀጥ፦ ለወጣት ፎቶ አንሺዎች

ልጆቼ፣

በዕድሜ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ካሜራውን ለማስቀመጥ ግን ምክንያት አይሆንም። እጅ የከበደውን ሥራ ሹተሩ (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) እና ድጋፉ ይሸከሙታል። ይህን እጃችሁ ጽኑ ሳለ ብትለማመዱት ኋላ አትደናገጡም።

የተለመደው ደንብ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሹተሩ ፍጥነት ቢያንስ 1/200 ሰከንድ ይሁን ነው። ይህ ለረጋ እጅ ነው። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ፍጥነቱን አራት እጥፍ አድርጉት፤ 1/800። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3200 ከፍ አድርጉት። በዚህ የተነሣ ትንሽ ብናኝ መሳይ ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ይታተማል፤ የተንቀጠቀጠውን ግን የሚያድነው የለም። የሌንሱ ማረጋጊያ ሁሉን ይችላል ብላችሁም አትታለሉ። በ1/60 የደንገል ታንኳው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የቀዛፊው ክንድ ግን ይደበዝዛል። ማረጋጊያው የሚያርመው የእናንተን እጅ ብቻ ነውና።

በተከታታይ አራት አምስት አንሱ። የመጀመሪያው በመጫን፣ የመጨረሻው በመልቀቅ ይበላሻል፤ ከመካከሉ ምረጡ።

መንቀጥቀጥ ሁሉ እርጅና አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የስኳር ማነስ፣ እንደ ሳልቡታሞል ያለ የአስም መድኃኒትም ያመጡታል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ፣ የሚብሰው ዕቃ ስታነሡ ነው ወይስ እጃችሁ ጭናችሁ ላይ አርፎ ሳለ? ይህን ለይታችሁ ንገሩት፤ ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ቡናም ያብሰዋል፤ የዘጌ ቡና ቢሆንም ከሥራ በኋላ ይጠጣ።

በጣና ሐይቅ፣ ዘጌ ላይ እንዳለው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባለ ጨለም ያለ ገዳም፣ የጥንት ሥዕል ላይ ፍላሽ አይበራም። ፈቃድ ጠይቃችሁ የሽምብራ ከረጢት ተጠቀሙ። ከወፍራም ጨርቅ ስፉት፤ አንድ ኪሎ ሽምብራ ጨምሩ፤ ሦስት አራተኛው ብቻ ይሙላ። ጢም ካለ ይጠነክርና ካሜራው ይንሸራተታል፤ ከጎደለ ሌንሱ ይሰምጣል። መሐሉን በእጃችሁ ጎድጎድ አድርጉና ሌንሱን አስተኙበት። ሰዓት ቆጣሪውን በ2 ሰከንድ ሙሉና እጃችሁን አንሡ። እንዲህ 1/8 ሰከንድም ይሠራል።

ሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ ስትሄዱ ግን ከረጢቱን ጠርዙ ላይ አታስደግፉ፤ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ወደ ካሜራው ይገባል። ተቀመጡ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፤ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥር ይያዝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣልና በጠዋት ውጡ። ፔሊካኖቹ (ትልልቆቹ የውሃ ወፎች) ዘንድ ስትቃረቡ ባለ ጀልባውን ሞተሩን እንዲያጠፋ ለምኑት፤ ጀልባዋ መንሸራተቷን እስክታቆም ጠብቁና አንሱ።