እኔ አየዋለሁ፣ ሕዝቡ አያየውም

ከሰበታ የጻፍሽውን አነበብኩት። ላይፍሬይ (የድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ማስታወቂያ ትጽፊያለሽ፣ ዌብ ኮንተንት ዲስፕሌይ በሚባለው ሳጥን ገጹ ላይ ታወጪዋለሽ። ሎግኢን አድርገሽ ስታዪው አለ። ባለጉዳይ ሲከፍተው ባዶ ነው። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሳጥን አሥራ ሁለት ደርድረሽ በየሳምንቱ ትቀያይሪያለሽ። እኔም ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ፖርታል ስጠብቅ በዚሁ ጉዳይ ተቀጥቻለሁ። መብራት ሳይሄድ ልጻፍልሽ።

ሳጥኑ ውስጥ ጽሑፍ የለም። የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት በዪው፤ ያሳያል እንጂ አይይዝም። ጽሑፉ ያለው ዌብ ኮንተንት ፎልደር ውስጥ ነው። ሳጥኑን ብታጠፊው ጽሑፉ አይጠፋም። ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ገጽ ላይ ብታሳዪው፣ አንዴ ስታርሚው ሦስቱም ጋ ይታረማል።

ስለዚህ ባዶ ሲሆን ሳጥኑን አትነካኪው። ጽሑፉ ጋ ሂጂ፣ ፐርሚሽን ክፈቺ፣ ጌስት የሚለው ሮል (ሎግኢን ያላደረገ ጎብኚ ማለት ነው) ቪው፣ ማለትም የማየት ፈቃድ፣ እንዳለው ተመልከቺ። ይህን ሁሉም ይነግርሻል። እኔን ሁለት ቀን ያስለፋኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጽሑፉ ለጌስት ክፍት ነበር፤ የተቀመጠበት ፎልደር ግን ዝግ። ላይፍሬይ ሴቲንጉን ካልቀየርሽው በቀር የፎልደሩንም ፈቃድ ይጠይቃል። ሰሌዳው ክፍት ሆኖ የግቢው ዘበኛ ሰው አላስገባ እንደማለት ነው። አንቺን ያስገባሻል፣ ባጅ አለሽ። ለዚህ ነው ሎግኢን አድርገሽ ማየትሽ ምንም የማይነግርሽ። ስልክሽን ከቢሮው ዋይፋይ አውጪና በዳታ ክፈቺው።

ፐርሚሽኑ ደህና ከሆነ ሰዓቱን እንይ። እኛ ጋ አንድ የጨረታ ማስታወቂያ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ይነሳ ተባለ። የምትለጥፈው ልጅ ኤክስፓየሬሽን ዴት (የማብቂያ ጊዜ) ላይ 8:00 ብላ አስገባች። ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ 8:00 ለእሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 14:00 ማለት ነበረባት። በዚያ ላይ የአካውንቷ ታይም ዞን ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ እንደተተወ ነው፣ እሱ ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ማስታወቂያው ጠዋት 5 ሰዓት ገደማ ጠፋ። እንግዲህ ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን በ3 ሰዓት አቃለለልን፤ የደወሉት ተጫራቾች ግን አላመሰገኑንም። ታይም ዞኑን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አድርጊው፣ ሁለቱም አንድ ሰዓት ናቸው። ለሚለጥፉት ሰዎችም የሰዓት መለወጫ ሠንጠረዥ አትመሽ ጠረጴዛቸው ላይ ለጥፊላቸው። እኔ አድርጌዋለሁ፣ እስካሁን ይሠራል።

አሥራ ሁለቱን ሳጥን ግን አፍርሺ። በእኔ እምነት፣ ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰው ገጹን ኤዲት ማድረግ ካስፈለገው ሳጥኑ በስህተት ተመርጧል። ዌብ ኮንተንት ዲስፕሌይ አንድ ሳጥን አንድ ጽሑፍ ነው፤ ለማይቀያየረው ነገር ተዪው፤ አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስለ እኛ። ለማስታወቂያ አንድ አሴት ፐብሊሸር፣ ማለትም ብዙ ጽሑፍ በዝርዝር የሚያወጣ ሳጥን፣ ይበቃል። ዳይናሚክ (ጽሑፉን ራሱ የሚመርጥ) አድርጊው፣ ጨረታ የሚል ካቴጎሪ ያለውን ብቻ አምጣ በዪው፣ አዲሱ ከላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጽፋ ካቴጎሪ መርጣ ፐብሊሽ ስትል ራሱ ይወጣል፤ ጊዜው ሲያልፍም ራሱ ይወርዳል። ካቴጎሪ መምረጥ መረሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቮካቡላሪው (ካቴጎሪዎቹ የተሰበሰቡበት) ላይ ግዴታ አድርጊው።

እትማችሁ 7.1 ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ዲስፕሌይ ፔጅ ቴምፕሌትም ሥሪ። ሰው አንዷን ጨረታ ለይቶ በቴሌግራም ሲልክ የራሷ ገጽ ይኖራታል። ሊንኩን በላቲን ፊደል አሳጥሪው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ሆኖ ይዘረገፋል፣ ያየው ሰው ቫይረስ ይመስለዋል።

አሁን የፎልደሩን ፐርሚሽን ስክሪንሾት አንስተሽ እዚሁ ላኪልን። እትሙ ስንት እንደሆነም ጻፊ።