የዋልታው ሙቀትና የወሎ በልግ፦ ለነገዎቹ ተንባዮች

ልጆቼ፣ ሚቲዎሮሎጂ የምታጠኑም፣ በግብርና ባለሙያነት ወደ ደላንታና ለጋምቦ የምትወጡም፣ የሰሜን ዋልታን ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አታድርጉት።

አርክቲክ ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል። በረዶ የለበሰ ባሕር አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ይመልሳል፤ በረዶው ሲቀልጥ የሚገለጠው ጥቁር ውሃ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይውጣል።

ነገሩ እኛን ከነካ የሚነካን ይበልጥ በበልግ በኩል ነው። በልግ የሚዘንበው፣ በከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ታጥፎ ወደ ደቡብ ሲወርድና ከሕንድ ውቅያኖስ ከሚመጣው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ያ ነፋስ ጉልበት የሚያገኘው ደግሞ በሐሩሩና በዋልታው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ነፋሱ ይበልጥ ይጠማዘዛል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የማይቀበሉትም አሉ። ክርክሩ ስላልተቋጨ፣ አንድ በልግ በቀረ ቁጥር ዋልታውን አትክሰሱ። ክረምቱን በይበልጥ የሚያውከው ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያየነው ይህንኑ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውቅያኖሱ ዘንድሮን የመሰለበትን ያለፈ ዓመት መርጦ መተንበይ በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። ዛሬ ግን ዋልታውም ውቅያኖሱም ሞቀዋል፤ ኤልኒኖው ቢመሳሰል እንኳ ዙሪያው አይመሳሰልም። ስለዚህ በአንድ ዓመት ብቻ አትንጠልጠሉ፤ በርከት ያሉ ዓመታት ውሰዱ፣ የኮምፒውተር ሞዴል ውጤትም አስተያዩ፣ «መደበኛ» ለምትሉት ዝናብም መነሻችሁን የ1991–2020 እ.ኤ.አ.ን አማካይ አድርጉ።

ለገበሬው ስትነግሩም ጥንቃቄ አይለያችሁ። ለምሳሌ ትንበያው የዝናቡን ዕድል ከመደበኛ በታች 45፣ ለመደበኛ የቀረበ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ካለ፣ «ድርቅ ነው» ማለት ስሕተት ነው። ቶሎ የሚደርስ ገብስ ዝራ፣ ዘርህን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጨርስ በሉት።

ዝናብ መለኪያውን ከዛፍና ከቤት ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ አርቃችሁ ትከሉ። ዘወትር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፤ ከአፉ ቅጠል አንሱ። በረዶ ከጣለ፣ የለካችሁትን ለብ ያለ ውሃ ጨምራችሁ አቅልጡና የጨመራችሁትን ቀንሱ። ባልዘነበ ቀን 0.0 ጻፉ፤ ባዶ የተተወ ቀን ለተንታኙ «አልተለካም» እንጂ «አልዘነበም» አይደለም፤ መዝገቡ እንዲህ ከተቆራረጠ ሞዴሉ ለደላንታ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚጣራበት ነገር አይኖርም።