በበርበሬው ውስጥ ያለው ጨው፦ ስለ ደም ግፊትና ስለ አመጋገብ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ከአንባቢያን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ደም ግፊትንና አመጋገብን የሚመለከቱ ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው የብዙ ቤት ጥያቄ በመሆኑ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱ ሲለካ 158 በ96 ሆኖ ተገኘ። በሌሎች ቀናትም ተለክቶ ብዙም ስላልወረደ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ‹ጨው ቀንስ› ተብሎም ተመከረ። እኔም ለእርሱ ብቻ በትንሽ ድስት ያለ ጨው ወጥ እሠራለታለሁ። እርሱ ግን ከእኛ ተለይቶ መብላቱ አልተስማማውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ ይተወውና ከልጆቹ ጋር ከትሪው ይበላል። ‹ምንም አያመኝም› ስለሚልም መድኃኒቱን አንዳንዴ ይዘለዋል። ምን ላድርግ?» አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ባለቤትዎ አያመኝም ሲሉ እውነታቸውን ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አያመውም፣ አያዞረውም፣ ከሥራውም አያስቀረውም። ብዙዎች ራሳቸውን ሲያማቸው «ደሜ ከፍ አለ» ብለው ኪኒን ይውጣሉ፣ ሲሻላቸው ደግሞ ይተዉታል፤ ግፊት ግን በመለኪያ እንጂ በስሜት አይታወቅም። የላይኛው ቁጥር ልብ ተኮማትራ ደም ስትረጭ፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ዘና ብላ ደም ስትሞላ በደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ያሳያል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ሰውየው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መነሻው ወደ 130 በ80 ዝቅ ስለተደረገ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶችዎ ሌላ ቁጥር ቢነግሩዎት ግራ አይጋቡ። ይህ ግፊት ሳይታከም ለዓመታት ሲቆይ የአንጎልን፣ የልብን፣ የኩላሊትንና የዓይንን ደም ቧንቧዎች ይጎዳል፤ ሕመሙ መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ሲገቡ የሆነባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱ የሚወሰደው ይህን ለመከላከል ስለሆነ፣ ሕመም አለመሰማቱ ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

ወደ ድስቱ እንምጣ። ጨው በውስጡ ሶዲየም አለው። ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ውኃ ይዞ ይቆያል፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽም ይጨምራል፤ ኩላሊት ትርፉን ለማስወጣት ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋታል። ዕድሜው የገፋ፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው በጨው የመጎዳቱ ዕድል ከሌላው ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጥቂት የሚያንስ ነው። በዚህ መጠን ውስጥ የሚቆጠረው ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ በማንኛውም ምግብ ወደ ሰውነት የሚገባው ጨው ሁሉ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እርስዎ በትንሿ ድስት ላይ ጨው አልጨመሩም፤ ወጡን የሠሩት ግን ሌላው ቤተሰብ በሚበላው በርበሬ ይመስለኛል። በብዙ ቤት በርበሬው ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ጨው አብሮ ይገባበታል። ምጥን ሽሮም ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨው የሚጨመርበት ቤት ብዙ ነው፤ ሚጥሚጣም እንዲሁ። ቋንጣ ገና ሲዘለዘል ጨው ታሽቶበታል። ከዳቦ ቤት የሚገዛው ዳቦ ጨው አለው፤ አሁን በየሱቁ የሚሸጠው የሾርባ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ጨው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቡናን በጨው መጠጣት በተለመደባቸው አካባቢዎች በየሲኒው የሚገባውም ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። በርበሬ በደንብ ከደረቀና እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከተቀመጠ ያለ ጨውም ይቆያል። እንዲህ ማድረግዎ የጨው መቆጣጠሪያው አንድ ቦታ ብቻ፣ ማለትም ወጡ በሚሠራበት ሰዓት በእርስዎ እጅ ላይ እንዲሆን ያደርጋል።

ሁለተኛው ምክሬ ትንሿን ድስት እንዲተዉአት ነው። በእኛ አገር ከማዕድ መለየት ቅጣት ይመስላል፤ ለብቻ የተሠራ ወጥ ለብዙ ቀን ሲበላ አይቼ አላውቅም። ጨው መቀነስ እርስዎንም ልጆችዎንም ስለሚጠቅም የትልቁን ድስት ጨው ይቀንሱና ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ። በአንድ ጊዜ አያጥፉት፤ ከተለመደው ሩብ ያህሉን ቀንሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆዩ፣ ከዚያ እንደገና ይቀንሱ። ምላስ ቀስ በቀስ ስለሚለምድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይሰማችኋል። ጨውን በጣት ከመቆንጠር ይልቅ በሻይ ማንኪያ ለክተው ወጡ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩ። ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ከገባበት፣ በማዕድ ላይም ሎሚ ከተጨመቀበት የጨው ማነስ ያን ያህል አይታወቅም።

ቤተሰብዎ ምን ያህል ጨው እንደሚጠቀም ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የአንድ ኪሎ ጨው ከረጢት ሲከፍቱ ቀኑን በላዩ ላይ ይጻፉ። አምስት አዋቂዎች ብትሆኑ ለእያንዳንዱ በቀን 5 ግራም ሲታሰብ በጠቅላላ 25 ግራም ይሆናል፤ በዚህ ስሌት አንዱ ኪሎ 40 ቀን ይቆያል። ልጆች ካሉ ድርሻቸው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በዳቦና በሌላ በተገዛ ምግብ የሚገባውም በከረጢቱ ውስጥ ስለማይቆጠር፣ ከረጢቱ ከ40 ቀን በእጅጉ ሊዘልቅ ይገባል። በ20 ቀን ካለቀ ደግሞ ችግሩ የት እንዳለ አወቁ ማለት ነው። የሚጠቀሙት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን፤ መቀነስ ያለበት መጠኑ እንጂ አዮዲኑ አይደለም።

ጨው ብቻውን ሙሉ መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ታትሞ የወጣው ዳሽ የተባለው ጥናት የተሳታፊዎቹን የጨው መጠን ሳይቀይር፣ ክብደታቸውም እንዳይቀንስ እየጠበቀ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት፣ ስቡ የቀነሰ ወተትና እርጎ ያለበት፣ ቅባቱ ያነሰ ምግብ ለስምንት ሳምንት አበላቸው። ከፍተኛ ግፊት በነበረባቸው ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር ከተለመደው አመጋገብ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ11 ያህል ወረደ። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ በዚሁ አመጋገብ ላይ ጨው ሲቀነስ ውጤቱ የበለጠ እንደሚሆን አሳየ። አትክልትና ፍራፍሬ ከሚጠቅሙበት ምክንያት አንዱ ፖታሲየም ነው፤ ፖታሲየም ኩላሊት ሶዲየምን እንድታስወጣ ይረዳል። ይህን ለማግኘት የውጭ አገር ምግብ መፈለግ አያስፈልግም። ጎመን፣ ድንች፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ሁሉም በገበያችን አሉ። እንጀራም የጤፉ ከሆነ ያልተፈተገ እህል ነው። የሚያሳስበኝ ወጡ ላይ የሚፈሰው ንጥር ቅቤና ዘይት፣ በየሳምንቱ የሚደጋገመው ጥብስና ክትፎ፣ እንዲሁም ጎመን ለጌጥ ያህል በትሪው ጥግ መቀመጡ ነው። ጎመኑ ወደ መሐል ይምጣ፤ ሥጋው ይነስ።

ባለቤትዎ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ከሆነ በሚቀንሱት በእያንዳንዱ ኪሎ የላይኛው ቁጥር በአንድ ያህል ሊወርድ ይችላል። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ የሚያዘወትሩ ከሆነም መቀነሱ በግፊቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ቡናን በተመለከተ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ግፊትን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ ብቻ ከመለካታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አይጠጡ። ሲለኩም ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ሽንታቸው ይዟቸው አይለኩ፤ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ግፊታቸው ሲወርድ መድኃኒቱን ልቀንስ የሚለውን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑት፤ የወረደው ቁጥር የምግቡም የመድኃኒቱም ሥራ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ «61 ዓመቴ ነው፤ የግፊት ኪኒን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ኪኒኑን ትቼ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ብወስድ ይበቃኛል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?» አንድ አባት፣ ከጎንደር

መልስ፦ አባቴ፣ አይበቃዎትም። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ በምግብዎ ውስጥ ቢበዛም ደስ ይለኛል። ፌጦም ሆነ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሽፈራው ግን የታዘዘን መድኃኒት ሊተኩ እንደሚችሉ አልተረጋገጠም። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱን ከበፊቱ በላይ ያስፈነጥሩታል።

ጾሙ ራሱ ለግፊትዎ ጠላት አይደለም። የጾም ምግብ ቅቤና ሥጋ የሌለበት፣ ጥራጥሬና አትክልት የበዛበት በመሆኑ ከላይ ከጠቀስኩት አመጋገብ ብዙም አይርቅም። ዘይት የጠጣ ሳምቡሳና ፓስቲ ካላዘወተሩ፣ ሽሮውም ጨው ካልበዛበት ይጠቅምዎታል። ጥያቄው የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ብዙ የግፊት ኪኒኖች፣ ለምሳሌ አምሎዲፒን፣ ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ ግን ውኃ ሳይጠጡ በሚውሉበት ቀን ሰውነትን ሊያደርቅና ሲነሡ ሊያዞርዎት ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ኪኒኖቹን ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ሐኪሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይመችዎትም ካለዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች። በፋሲካ ዕለትም ከረጅም ጾም በኋላ ዶሮ ወጡን፣ ክትፎውንና ጠጁን በአንድ ቀን አይደራርቡት። በረመዳን ለሚጾሙ አንባቢያንም የመድኃኒት ሰዓቱ ምክር ያው ነው፤ ከጾሙ በፊት ሐኪም ማየት።

ጥያቄ፦ «ልጄ ከአሜሪካ ‹ለግፊት ጥሩ ነው› ብላ ሶዲየም የቀነሰ ጨው ላከችልኝ። እኔ ኢናላፕሪል የተባለ የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ፤ ስኳርም አለብኝ። ለጉልበቴ ሕመም ደግሞ ዲክሎፌናክ እገዛለሁ። ጨውን ልጠቀምበት?» አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ያሰበችው መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሸጊያውን ለጊዜው አይክፈቱት። እንዲህ ያለው ጨው ሶዲየሙ የተቀነሰው በፖታሲየም ክሎራይድ ተተክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ይፋ በሆነው በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ 21 ሺህ ገደማ ሰዎችን ባሳተፈ ጥናት፣ ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች ተራ ጨው ከተጠቀሙት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ14 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያቆይ የሽንት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጥናቱ እንዲገቡ አልተደረገም፤ ይህም የሆነው በምክንያት ነው። ጤናማ ኩላሊት ትርፍ ፖታሲየምን ታስወጣለች፤ የደከመች ኩላሊት ግን አትችልም፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምትን ያዛባል፣ ልብን እስከማቆም ሊያደርስም ይችላል። የሚወስዱት ኢናላፕሪል ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ በመጠኑ ይይዛል፤ ስኳር ደግሞ ኩላሊትን ከሚጎዱ ሕመሞች አንዱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሆስፒታል የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሬአቲኒንና የደም ፖታሲየም፣ ያስለኩ። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሐኪምዎ ከፈቀዱልዎት መጠቀም ይችላሉ፤ ከዚያም በኋላ ፖታሲየሙ በየጊዜው መለካት አለበት።

ዲክሎፌናኩ ከጨውም በላይ ያሳስበኛል። እርሱና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የኢናላፕሪልን ሥራ ያዳክማሉ፤ በተለይ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ መግዛትዎን ያቁሙ። ለጉልበትዎ በሐኪም የታዘዘ ፓራሲታሞልና የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ይሻሉዎታል። ለምርመራው ሲሄዱም የጨውን ማሸጊያና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ዲክሎፌናኩንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።