የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤት ውስጥ ጎበዝ፣ ውድድር ሜዳ ላይ ግን ሌላ ውሻ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የ3 ዓመት ሴት ውሻ አለችኝ፣ ለታዛዥነት ውድድር እያሰለጠንኳት ነው። ቤትና ግቢ ውስጥ ያለ ገመድ ከጎኔ ሳትለይ ትሄዳለች፣ ስጠራት በሩጫ መጥታ ፊቴ ቁጭ ትላለች፣ እንከን የላትም። ውድድር ስንገባ ግን ትንሽ እንደሄድን ወደኋላ መቅረት ትጀምራለች፣ መሬት ታሸታለች፣ ስጠራት እየተጎተተች ነው የምትመጣው። አንድ ጓደኛዬ «አውቃ ነው፣ ቆንጠጥ አርጋት» ይለኛል። እውነት አውቃ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ አውቃ አይደለም፣ ጓደኛህን በዚች ጉዳይ እንኳን አትስማው። እስቲ ልምምድ ላይ ምን እንደምታደርግ ራስህን ታዘብ። ብዙዎቻችን ወገባችን ላይ የምግብ ቦርሳ እናንጠለጥላለን፣ ትንሽ በተራመድን ቁጥር «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እንላለን፣ እጃችን ኪስ ገባ ወጣ ይላል። ውድድር ሜዳ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ዳኛው ነጥብ የሚሰጥበት ተግባር እየተሰራ ማሞገስም ነጥብ ያስቆርጣል፣ በዛ ላይ አንተ ጨንቆህ ትንፋሽህን ውጠህ እንደ እንጨት ደርቀህ ነው የምትሄደው። ለሷ የማታውቀው ሰው ሆንክባት ማለት ነው። ሁለት ሶስቴ ከተወዳደረች ደግሞ እዛ ሜዳ ውስጥ ምንም እንደማይገኝ ትነቃለች፣ ውሻ እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ ቀን አይፈጅበትም። መሬት ማሽተቷም አብዛኛውን ጊዜ ንቀት ሳይሆን ግራ መጋባት ነው፣ ውሻ ሲጨንቀው ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያሸታል። በዚህ ሰዓት ከቆነጠጥካት ሜዳው ራሱ የሚያስፈራ ቦታ ይሆንባታል፣ ከዛ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

ስለዚህ ምግቡን ከላይህ አውርደው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አርገህ እያየችህ ከሜዳው ውጪ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ከዛ ባዶ እጅህን ገብተህ ሁለት እርምጃ ብቻ አብራህ ሄዳ ቁጭ ካለች «አዎ!» በልና ሁለታችሁም ወደ ዕቃው ሩጡ፣ እዛ ስጣት። ሩጫው ራሱ የሽልማቱ ግማሽ ነው። ቀስ በቀስ እርምጃውን ትጨምራለህ ግን ሁሌ እየረዘመ ብቻ እንዳይሄድ፣ አንዴ ሃያ አንዴ ሶስት አንዴ አስር እያልክ ቀላቅለው፣ ስራው በየቀኑ እየከበደ ብቻ ከሄደ ይሰለቻታል። እዚህ ጋ ሰዎች ይቸኩላሉ፣ የወራት ስራ ነው እንጂ የሳምንት አይደለም።

ሌላው ዝምታው ነው። ትእዛዙን አንዴ ብቻ ተናግረህ ዝም ብለህ መሄድን ተለማመድ፣ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽህ፣ ስታየው ትደነግጣለህ። በተለይ ግራ ትከሻህን ተመልከት፣ ውሻዋ ስትቀር ዞር ብለህ ታያታለህ አይደል? ዞር ስትል ትከሻህ ወደኋላ ይመለሳል፣ ለሷ ይሄ «ቅሪ» የሚል ምልክት ነው፣ ስለዚህ ባየሃት ቁጥር የበለጠ ትቀራለች። ወደፊት እያየህ ፍጥነትህን ሳትቀንስ ሂድ፣ እንደውም ልምምድ ላይ ፈጠን ብትል ነው የምትከተልህ። እግርህም ይናገራል፣ አብራህ እንድትሄድ ስትፈልግ በግራ እግር ተነሳ፣ «ቆይ» ብለህ ትተሃት ስትሄድ በቀኝ፣ ሁሌም እንደዛ።

ቦታውንም ቀያይር፣ ውሻ ግቢ ውስጥ የተማረውን ሌላ ቦታ ላይ እንዳዲስ ነው የሚማረው። ጓደኛህንም ስራ ስጠው፣ ዳኛ ሆኖ ከኋላህ እየተከተለ «ወደፊት»፣ «ቁም»፣ «ወደ ቀኝ ዙር» ይበል፣ ከምክሩ ይሄ ይሻላል። ውድድር ላይ በአንዱ ተግባርና በሌላው መሃል ማሞገስና ዳበስ ማድረግ በብዙ ህጎች ይፈቀዳል፣ ያቺን ክፍተት አታባክናት።

ስለ ነጥብም ብዙ አትጨነቅ። ለምሳሌ በአሜሪካ ኬኔል ክለብ (የውሻ ውድድር ደንብ የሚያወጣ ድርጅት ነው) ህግ ሙሉው 200 ነው፣ ለማለፍ 170 ማምጣትና በእያንዳንዱ ተግባር ደግሞ ከግማሽ በላይ ማግኘት ያስፈልጋል። ትንሽ ጠመም ብላ ብትቀመጥ የምታጣው ግማሽ ነጥብ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ በመጀመሪያው ጥሪ ካልመጣች ግን ሌላው ሁሉ ቢያምርም አላለፈችም። ጊዜህን በዛ ልክ አካፍለው።

ጥያቄ፦ የውሻ ውድድር ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የገባሁበት ነገር ነው። ውሻዬ ስጠራው መጥቶ ፊቴ መቀመጥ ሲገባው ሳላዘው ዞሮ ጎኔ ይቀመጣል። ቁጭ ሲልም ሁሌ ወደ ቀኜ ያጋድላል።

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ውሻ ስራውን በቃሉ ሸምድዶታል። ፊትዎ ከተቀመጠ በኋላ ሁሌም «ወደ ጎን» የሚል ትእዛዝ ስለሚከተል ለምን እጠብቃለሁ ብሎ ቀደምዎ። ሁለቱን ይነጣጥሏቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጥቶ ሲቀመጥ እዛው ፊትዎ ሸልመው ይልቀቁት፣ ወደ ጎን መዞሩን ለብቻው በሌላ ሰዓት ያሰሩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ያገናኟቸው። ማጋደሉ ምናልባት ከእጅዎ ነው፣ ሽልማቱን በቀኝ እጅ ከቀኝ ኪስ እያወጡ ከሰጡት ወደዛው ይዞራል፣ ምን ያድርግ። ሁለት እጅዎን አገናኝተው ከመሃል፣ ከእምብርትዎ በታች ይስጡት። ጎንበስ አይበሉበት፣ ሰው ሲያንዣብብበት ውሻ ይርቃል ወይም ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ 10 ሳምንቷ ነው፣ ድቅል ናት፣ ከአሁኑ ልጀምር ወይስ ትደግ? ድቅል ውሻስ ይወዳደራል?

መልስ፦ እህቴ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ግን ጨዋታ ይሁን፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ስሟን ስትጠሪ ዞር ማለት፣ አይንሽን ማየት፣ እየሮጠች መምጣት፣ በቃ። ማዘለሉን ግን አጥንቷ እስኪጠና ተይው፣ ትልቅ ዘር ከሆነች ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ። ድቅልነቷን በተመለከተ እንደ አዘጋጁ ድርጅት ይለያያል፣ ከላይ ያልኩት የአሜሪካው ክለብ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድቅሎችን ተመዝግበው እንዲወዳደሩ ፈቅዷል፣ እዛ ዝቅተኛው ዕድሜ 6 ወር ነው። አንቺ የምትወዳደሪበትን ድርጅት ደንብ ፎርም ከመሙላትሽ በፊት አንብቢው።