ጥያቄና መልስ፦ ከሐምሌ ጭቃ እስከ ታኅሣሥ ውርጭ መሮጥ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የጎዳና ላይ ሩጫን የሚመለከቱትን መርጠናል። ጠያቂዎቻችን ሥራና ትምህርት ያላቸው፣ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሮጡ ናቸው፤ መልሱንም በእነሱ ጊዜና ኪስ ልክ አድርገነዋል።

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፦ «34 ዓመቴ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትሩን ከ55 ደቂቃ በታች መጨረስ እፈልጋለሁ። ግንቦት ላይ 58 ደቂቃ ሮጫለሁ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን በዚያው የገጠር መንገድ በየሳምንቱ እየዘገየሁ ነው። አቅሜ ወረደ ወይስ ጭቃው ነው?»

መልስ፦ ጭቃው ነው። ዋልካ አፈር ሲርስ ከሶሉ ሥር እየተለጠፈ ጫማውን ያከብደዋል፤ መሬቱን ገፍተው ሊነሡ ሲሉም እግርዎን ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። ልብዎ እንደ ግንቦቱ እየመታ በኪሎ ሜትር 30 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊዘገዩ ይችላሉ። ይህንን በጉልበት አካክሳለሁ የሚል ሰው ነሐሴ ሳይጋመስ ባቱን ወይም ቋንጃውን ይዞ ይቀመጣል። ጭቃ ላይ ሲሮጡ እስከ ጳጉሜን ድረስ ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ይተዉትና ደቂቃ ይቁጠሩ። ለሶምሶማ ቀን መለኪያው ትንፋሽዎ ነው፤ አጠገብዎ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል ማለት ነው።

በሳምንት አራት ቀን ይበቃዎታል። ማክሰኞን ለዳገት ያድርጉት፦ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ 45 ሰከንድ ወደ ላይ ጠንክሮ መሮጥ፣ በእርምጃ መውረድ። በ6 ዙር ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ 10 ላይ ያቁሙ። ለዳገቱ ጠጠር የፈሰሰበትን መንገድ ይምረጡ። ኮብልስቶን ደረቅ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን በተለይ ቁልቁል ሲወርዱ ያንሸራትታል። ዳገትን በክረምት የምንመርጠው ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የመንሸራተት አደጋው ስለሚቀንስና ሜዳ ላይ ያጡትን የጡንቻ ሥራ ስለሚተካ ነው። ሐሙስ 40 ደቂቃ ቀላል ሶምሶማ ነው፤ በዚህ ቀን ጭቃ ላይ ቢሮጡም አይጎዳም።

ቅዳሜ የአስፋልት ቀን ነው። ከ55 ደቂቃ በታች ለመግባት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከ5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መሮጥ ያስፈልጋል፤ ልምምዱም ይህንኑ እግር ማስለመድ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በ5፡25 ይሩጡ፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ ያድርጉ፤ ይህንን 4 ጊዜ ይደጋግሙት። ከመስከረም በኋላ 6 ጊዜ ያድርሱት። የመጀመሪያው በ5፡10 ከሄደና የመጨረሻው 5፡45 ከሆነ ልምምዱን አበላሽተውታል፤ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው።

የደሴ መንገድ ላይ ከሆነ የሚሮጡት በግራ በኩል፣ ፊትዎን ወደሚመጣው መኪና አድርገው ይሩጡ። ከባድ መኪና ሲያልፍዎ ውኃና ጠጠር ይረጫል፤ ጠርዙ ላይ የተኛው ውኃም ጉድጓድ ይሸፍናል። ጉም ወርዶ መቶ ሜትር ፊትዎን ካላዩ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። አንድ ቅዳሜ ቢቀር ኅዳር ላይ አይታወቅም።

እሑድ ረጅሙ ነው፤ ከ60 ደቂቃ ተነሥተው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 90 ይድረሱ፤ በየአራተኛው ሳምንት ወደ 60 ይመለሱ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ጠዋት 12፡30 ላይ መውጣት ይሻላል።

ግልጹን እንናገር፤ ታላቁ ሩጫ ሰዓት ለማሻሻል ምርጡ ቦታ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሆኗል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሰው እየከፈሉ መሄድ ናቸው። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቷ ለትንፋሽዎ ይረዳል፤ ግፊያው ግን ያንን ትርፍ ይበላዋል። 55ቱን ጥቅምት ላይ በአካባቢዎ በሚደረግ ሩጫ፣ ያ ካልተገኘም በተለካ አስፋልት ላይ ይሞክሩት። ኅዳርን ለደስታው ይተዉት።

ጥያቄ ከጫጫ፦ «ጫማዬ በሁለት ቀን አይደርቅም፤ ሽታውም አስቸገረኝ። ከሰል ማንደጃ አጠገብ አድርጌው ሶሉ ተላቀቀ። በእግር ጣቶቼ መሐልም ቆዳዬ ነጭ ሆኖ ይላጣል።»

መልስ፦ የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፤ እርጥበት። የሩጫ ጫማ ሶል የተያያዘው በማስቲሽ ነው፤ ማስቲሹ በሙቀት ይለሰልሳል፣ መሐሉ ያለው ስፖንጅም ይኮማተራል። ከእሳት የወጣ ጫማ ቢሰፋም እንኳ እንደ ቀድሞው አይነጥርም።

እንዲህ ያድርጉ። ከሩጫ እንደተመለሱ ጭቃውን ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃና በብሩሽ ያስለቅቁ፤ ኦሞ ውስጥ አይዘፍዝፉት። ክሩን ይፍቱ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ይሳቡ፣ የውስጥ ሶሉን አውጥተው ለብቻው ያቁሙት። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ እየጨማደዱ እስከ ጫፉ ይጠቅጥቁበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጋዜጣውን ከትቶ እስከ ንጋት ይተወዋል። የመጀመሪያው ወረቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይርሳል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይመጥም። በ30 ደቂቃ አንድ ጊዜ፣ በ2 ሰዓት ሌላ ጊዜ፣ ሊተኙ ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀይሩት። ጫማውን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በጎኑ ያስተኙት። በዚህ አያያዝ ጠዋት ላይ ጥቂት እርጥበት ቢቀረው ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ፦ ጫማም ሆነ ቱታ ለማድረቅ ብለው የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ቤት አያሳድሩ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ሁለት ጫማ ማፈራረቅ ቢቻል ሁሉም ይቀላል። ሁለተኛውን ከሰልባጅ የሚገዙ ከሆነ ከላይ ባለው ንጽሕና አይታለሉ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስቀምጡትና ከኋላው ይመልከቱት፤ ተረከዙ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ካዘነበለ ይተዉት። መሐለኛውን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ እንጨት ከጠነከረ ወይም ጎኑ ላይ የተጨማደዱ መስመሮች ካሉ አልቋል። አዲስ ጫማም ቢሆን የሚያገለግለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው።

የጣትዎ ነገር ፈንገስ ይመስላል። ከታጠቡ በኋላ በጣቶቹ መሐል ጨርቅ እያስገቡ ያድርቁ፤ ከፋርማሲ የፈንገስ ቅባት ገዝተው በተነገረዎት መጠን ይቀቡ፤ ቆዳው የዳነ ቢመስልም ቀኑ ሳይሞላ አያቋርጡ። የጥጥ ካልሲ ውኃ ስለሚይዝ ለሩጫ ሲንተቲክ ወይም ሱፍ ይሻላል። ሊሮጡ ሲሉ በጣቶቹ መሐል ስስ ቫዝሊን መቀባት መፋተጉንና ውኃ መቋጠሩን ይቀንሳል።

ጥያቄ ከአንኮበር፦ «ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። በነዚያ 15 ቀናት ልምምዱን ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል?»

መልስ፦ ይቀጥሉ፣ ግን ሰዓቱን ያዛውሩ። ጠዋት ሮጠው እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ ግድ ከሆነ ከ30 ደቂቃ ሶምሶማ አይለፍ። ከጾም መፍቻው በፊት 8 ሰዓት ላይ መሮጥ ለአካል ይመቻል፤ ወዲያው ይጠጣሉ፣ ይበላሉ። ነሐሴ ላይ ግን ዝናቡና በረዶው የሚወርደው በዚያው ሰዓት ነው። እኛ የምንመርጠው 11 ሰዓትን ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ይቀርዎታል።

9 ሰዓት ላይ ጠግበው አይብሉ። ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ስኳርና በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው በጥብጠው ይጠጡ፤ ከፈለጉ አንድ ድንች ይጨምሩ። ከሩጫው በኋላ ዋናውን ራት ይብሉ፦ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ። ጾም ላይ ብረት የሚገኘው ከእነዚህ ስለሆነ ሎሚ ቢጨምቁበት ሰውነትዎ የበለጠ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ይቀንሱታል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ። ከራት በኋላ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ እናውቃለን።

በሁለቱ ሳምንታት የዳገቱን ዙር በግማሽ ይቀንሱ። ከሞላ ጎደል እየሮጡ እስከቆዩ ድረስ በ15 ቀን የሚጠፋ አቅም የለም።

ጥያቄ ከሞላሌ፦ «ሜዳ ላይ እየሮጥኩ ነጎድጓድ ቢመጣስ?»

መልስ፦ ሩጫው እዚያው ያበቃል። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ። ባሕር ዛፍ ሥር አይጠለሉ፤ ኮረብታ ጫፍ ላይም አይቆዩ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ።

ጥያቄ ከመሐል ሜዳ፦ «ጥር ላይ ሸዋ ሮቢት 10 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው። ብርድ ለምጃለሁ፤ ሙቀቱ ያሳስበኛል። እስከዚያውም ታኅሣሥ ላይ እዚህ በውርጭ ምን ልበስ?»

መልስ፦ ከውርጩ እንጀምር። መንዝ ላይ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ልብስ በማብዛት ነው። ከቤት ሲወጡ ትንሽ ሊበርድዎ ይገባል፤ ሞቆዎት ከወጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ በላብ ይርሳሉ፤ እርጥቡ ልብስ ደግሞ ፍጥነት ሲቀንሱ ያቀዘቅዝዎታል። ቆዳ ላይ ስስ ሲንተቲክ፣ ከላዩ ረጅም እጅጌ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና የእጅ ሹራብ ይበቃል። የእጅ ሹራብ ከሌለ አሮጌ ካልሲ ይሠራል። ቤት ውስጥ 5 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ ያሟሙቁ፤ ቀዝቃዛ ጡንቻ በድንገት ሲፈጥን ይቆረጣል። ሲመለሱ መጀመሪያ እርጥቡን ያውልቁና ደረቅ ይልበሱ፤ ሰውነት ማፍታታቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንመጣ፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በ1,000 ሜትር ወደ 6 ዲግሪ ስለሚጨምር ከቤትዎ ይልቅ ከ10 ዲግሪ በላይ የሞቀ ቦታ ላይ ይሮጣሉ። አየሩ ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ ትንፋሽዎ ቀላል ይሆናል። ደጋ ለደጋ የለመደ ሯጭ የሚታለለው በዚሁ ነው፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ይበራል፣ ከስድስት በኋላ በእርምጃ ይጨርሳል።

ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለ ጊዜ ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ሶምሶማዎን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ፣ ሁለት ደርብ ለብሰው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያድርጉት፤ ከዚያ በደንብ ይጠጡ። ጠንካራውን ልምምድ ግን በዚህ መልክ አይሥሩ። በውድድሩ ዕለት ኮፍያና ረጅም እጅጌውን ይተዉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ካሰቡት ፍጥነት በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ አዝግመው ይሂዱ። ውኃ በተሰጠዎት ቁጥር ሁለት ጉንጭ ጠጥተው የቀረውን አንገትዎ ላይ ያፍስሱ። በሙቀት መሐል ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ራስዎ ከዞረ ወይም የሚሄዱበት ከጠፋዎት ሩጫውን ያቁሙ፤ ጥላ ሥር ገብተው ብብትዎንና አንገትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡ፤ ወደ ሕክምና እንዲወስድዎም ሰው ይጥሩ።