ጉልበት ለጨመረ ሞተር የትኛው ፍሪሲዮን፣ የትኛው ዘይት? የጎጃም ልጆች ጥያቄዎች

ሰላም ለሁላችሁ። ሲሊንደር አስፍተው፣ ካርቡሬተርና ጭስ ማውጫ ቀይረው የሞተር ሳይክላቸውን ጉልበት የጨመሩ ልጆች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። አብዛኛው ስለ ፍሪሲዮን ነው፤ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ስለሚያገናኘውና ስለሚለየው ክላች። እኔ ደብረ ማርቆስ ሞተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ የምችለውን ያህል ልመልስ።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ 150 ሲሲ ሞተሬን ወደ 200 አሳድጌዋለሁ። አራተኛና አምስተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይሄድም። የውድድር ፍሪሲዮን ልግዛ?

ገና አትግዛ ወንድሜ። መጀመሪያ ካቦውን፣ ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ እይ። የእጀታው ጫፍ ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ማለት አለበት። ካቦው ከተወጠረ እጅህን ብትለቅም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይጨብጥም። ይህ ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው።

ካቦው ደህና ከሆነ ዘይትህን አጣራ፤ ስለ እሱ ከታች ብዙ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የሚከፈተው። ሸራዎቹን (የሚጨብጠው ሽፋን ያላቸውን ዲስኮች) አንድ በአንድ በካሊፐር ለካና ከማንዋሉ ጋር አስተያይ። ብረት ዲስኮቹን ወደ ብርሃን አዙረህ እይ፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጡ ተቃጥለዋል። ቀለማቸው ደህና ቢሆንም ወፍራም መስታወት ላይ አስተኛቸው። በዲስኩና በመስታወቱ መካከል ቀጭን የክፍተት መለኪያ ከገባ ዲስኩ ጎብጧል። ሞላዎቹንም ለካ፤ በሙቀት ብዛት እያጠሩ ይመጣሉ። ዲስኮቹ የሚቀመጡበትን ቤትም አትርሳ። ጥርሱ ላይ ጉድጓድ ከቆፈሩበት ዲስኮቹ እዚያ እየተያዙ በደንብ አይለቁም፣ በደንብም አይጨብጡም።

ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አሁንም ከተንሸራተተ ችግሩ አቅም ነው። የፍሪሲዮን አቅም የሚመጣው ከሞላው ግፊት፣ ከሸራዎቹ ብዛት፣ ከዲያሜትራቸውና ከሸራው የመጨበጥ ችሎታ ነው። ሲሲውን በአንድ ሦስተኛ አሳድገሃል፤ ፋብሪካው የሰጠህ ፍሪሲዮን ግን ለ150 የተሠራ ነው። እኔ የምጀምረው ከፋብሪካው ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚጠነክር ሞላ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ አሮጌና አዲስ ሳልቀላቅል። ከዚያ በላይ አልወድም። እጅ ይደክማል፣ ካቦ ይበጠሳል፣ የመግፊያው ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል። ለሞተርህ አንድ ተጨማሪ ሸራ የሚያስገባ ስብስብ ካገኘህ ከጠንካራ ሞላ እሱን እመርጣለሁ።

ከደጀን፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ምንም አይለኝም። ዓባይ በረሃ ወርጄ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስወጣ ግን ይንሸራተታል። ምን ሆኖ ነው?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ድልድዩ ያለው ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ታች አየሩ ወፈር ይላል፤ ሞተርህ ብዙ አየር ይስባል፣ ጉልበቱም ከ10 በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ ልክ የነበረ ፍሪሲዮን በረሃው ላይ ያንሳል። ሙቀቱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ ጤፍ ከጫንክ ደግሞ ባሰ።

ስለዚህ ፍሪሲዮን ስትመርጥ ከምትሄድበት መንገድ ዝቅተኛውን ቦታ አስብ። ካርቡሬተሩንም እይ፤ ለማርቆስ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር በረሃ ላይ ቤንዚን ያንስበታል፣ ሞተሩ ይግላል። በዳገቱ ከከባድ መኪና ኋላ በግማሽ ፍሪሲዮን አትጎተት። ራቅ በል፣ መንገድ ሲገኝ በአንደኛ ማርሽ ተነስተህ ሙሉ በሙሉ ልቀቀው።

ከባሕር ዳር፦ ሱቅ ውስጥ ውድ የመኪና ሲንቴቲክ ዘይት ሰጡኝ፣ 5ደብሊው-30 የሚል የውፍረት ቁጥር አለው። ከሞተር ሳይክል ዘይት ይሻላል?

አይሻልም እህቴ። በመኪና ፍሪሲዮኑ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፣ ከሞተር ዘይት ጋር አይገናኝም። በእኛ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ብዙ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ መፋተግን የሚቀንስ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚሠራው በመፋተግ ነው።

ጣሳውን ገልብጠሽ «ጃሶ» (JASO) የሚል ሳጥን ፈልጊ፤ የጃፓኖች የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ነው። ኤምኤ (MA) ወይም ኤምኤ2 (MA2) ካለ ለእርጥብ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። ጉልበት ለተጨመረበት ሞተር ኤምኤ2ን እመርጣለሁ፤ የበለጠ ይጨብጣል። ኤምቢ (MB) ካለ ተዪው፣ እሱ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው። ሲንቴቲክ መሆኑ ብቻውን ፍሪሲዮን አያንሸራትትም፤ ኤምኤ2 ያለው ሲንቴቲክ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፣ ሙቀት ይችላል።

ከሞጣ፦ የናፍጣ መኪና 15ደብሊው-40 ዘይትስ?

አንዳንዱ ጃሶ ኤምኤ አለው። ከተጻፈበት አድርግ፣ ካልተጻፈበት ተወው።

ከፍኖተ ሰላም፦ 10ደብሊው-40 ወይስ 20ደብሊው-50?

ማንዋሉ ከሚፈቅደው አትውጣ። ሁለቱንም ከፈቀደ፣ እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ ጠዋት ለሚነሳ 10ደብሊው-40 ቶሎ ይዘዋወራል። ጭነት ጭኖ በቆላ ለሚውል 20ደብሊው-50 ጥሩ ነው። የካምቢዮው ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ እንደሚያቀጥኑት ግን አስብ። ጉልበት በጨመረ ሞተር እኔ 2,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እቀይራለሁ። ማርሽ መግባት ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ዘይቱ እንደደከመ ምልክት ነው።

ከእንጅባራ፦ የመኪና ዘይት አድርጌ መንሸራተት ጀመረ። ሸራው ሞቷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ዘይቱን በትኩሱ አፍስስ፣ ፊልትሩን ለውጥ፣ ኤምኤ2 ሞልተህ ጥቂት ቀን ንዳው። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወይም ዘይቱ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራ ቀይር። አዲሱን ሸራ ሌሊቱን እዚያው በምትጠቀምበት ዘይት ነክረህ አሳድር፤ ደረቁን ከገባ በመጀመሪያው ጉዞ ሊቃጠል ይችላል። የሞላዎቹን ቡሎኖች በሰያፍ፣ ትንሽ በትንሹ አጥብቅ። የሚገቡበት አሉሚኒየም ነው፤ አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ሊሰበር ይችላል። ስትጨርስ ካቦውን እንደገና አስተካክል፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ልኩ ይለወጣል።